ዶክተር ይበልጣል ዳገት ላይ

ዶክተር ይበልጣል ስለ ልጆች የመማር ፍላጎት ሲናገር ጎንደር ጸጥ ብላ ትሰማለች። ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምናል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነገ መምህር ለሚሆኑ ወጣቶች የልጆችን ሥነ ልቦና ያስተምራል፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በከተማው ሬዲዮ ቀርቦ የወላጆችን ጥያቄ ይመልሳል። ድምፁ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ ወፈር፣ ረጋ ያለ ነው። «ልጃችሁ ሲሳሳት አትደንግጡ» ይልና ቆም ይላል። «ስህተት የመማር ደረጃ ነው» ይልና እንደገና ቆም ይላል። የፕሮግራሙ አዘጋጅ ብርቱካን ከመስታወቱ ማዶ ሆና ራሷን ስትነቀንቅ ካየ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል።

ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ነው። የሰባት ዓመት ልጁ ማስተዋል መጽሐፍ በእጁ ይዞ ካየችው ሽንት ቤት ትገባና በሩን ትቀረቅራለች።

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። ማስተዋል ሁለተኛ ክፍል ናት። አንድ ቀን መምህርቷ አስነሥታ አስነበበቻት። መጽሐፉ ላይ «ገበሬው በሬውን ጠመደ» የሚል ነበር፤ ማስተዋል ቸኮለችና «ገበሬው በሩን ጠመደ» ብላ አነበበችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷም ሰው ናትና ፈገግ አለች። በእረፍት ሰዓት አንዱ ልጅ የክፍሉን በር እጀታ ይዞ «ና በሬዬ! ሳብ!» እያለ ሲያርስበት ዋለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስተዋል አንብቢ ስትባል አንድ መልስ ብቻ ነበራት።

«አልችልም።»

ለይበልጣል ይህ አስደንጋጭ ነገር አልነበረም። እንዲያውም፣ ለሰው ባይናገረውም፣ ደስ ሳይለው አልቀረም። ይህን ሁሉ ዓመት ያነበበውና ያስተማረው ለዚህ ቀን አይደል? እጅጌውን ሰብስቦ ተነሣ።

መጀመሪያ ፒያሳ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ቢጫ ወረቀት ገዝቶ ኮከብ ኮከብ አድርጎ ቆረጠና ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ ለጠፈ። ላነበበችው ገጽ ሁሉ ኮከብ፣ ለኮከቦቹ ደግሞ ብስኩት። ማስተዋል ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ አየችው።

«አባዬ፣ ኮከቡ ይቅርና ብስኩቱን ብቻ ብትሰጠኝስ?»

ቀጥሎ ማበረታታት ጀመረ። መጽሐፉን ስታነሣ «ጎበዝ!»፣ ስትገልጥ «ጎበዝ!»፣ ስታስነጥስ እንኳ ከልማድ «ጎበዝ!» አለ። በሦስተኛው ቀን ማስተዋል ቀና ብላ አየችው።

«ካልሲዬን ሳወልቅም ጎበዝ ትለኛለህ» አለች። «ጎበዝ ማለት ምን ማለት ነው?»

በመጨረሻ አጠገቧ ተቀምጦ በትዕግሥት አብሯት ለማንበብ ወሰነ። ትዕግሥት እንዳለው ስለ ትዕግሥት የጻፈው ነገር ምስክር ነው። ማስተዋል አንድ ቃል ላይ ስትቆም እሱም ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። ከንፈሩ ግን አይጠብቅም። የእሷ ጣት «ሰ» ላይ ቆሞ የእሱ ከንፈር «ሰማዩ» ብሎ ጨርሶ ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ ንባቧ ድንገት ተሻሻለ። ይበልጣል ለውጡን በማየት ሲኩራራ፣ ሚስቱ ኤሌኒ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትንሽ አየቻቸው።

«ይቤ፣ ልጅቱ መጽሐፉን መች አየችው?» አለች። «እያነበበች ያለችው አንተን ነው።»

እውነትም የማስተዋል ዓይን አፉ ላይ ተተክሎ ነበር። በእጁ አፉን ሲሸፍን ንባቡም በዚያው ቆመ።

ኤሌኒ ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ያየችውን ነገር ሳታዞር ትናገራለች። «ያንን የሐሙሱን ሰውዬ ቤታችን ብንጋብዘው ምን ይመስልሃል?» አለችው። «ስለ ልጆች ያውቃል ይላሉ።»

ይበልጣል ተቀየመ። ግን ቅያሜውም ብዙ አልቆየም፤ ምክንያቱም በዚያው ሰሞን ሌላ የሚደብቀው ጉድ ነበረው።

ጉዱ ማኪና ነው። ቤታቸው አሮጌ ቪትዝ አለች፤ የምትነዳት ኤሌኒ ናት። ይበልጣል ከጎኗ ተቀምጦ መንገድ ያሳያል፣ የምታውቀውን መንገድ። ለምን እንደማይነዳ ሲጠየቅ «በእግር መሄድ ለአእምሮ ጥሩ ነው» ይላል፤ ይህንንም በሬዲዮ ተናግሮታል። እውነቱ ግን የመንጃ ፈቃድ የተግባር ፈተና ወድቆ፣ ተፈትኖ እንደገና ወድቆ ነው። ኤሌኒ በመጀመሪያው ነው ያለፈችው። እሱን ሁለቱንም ጊዜ የጣለው ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት ነው። ጎንደር ደግሞ ዳገት የሌለባት ከተማ አይደለችም።

አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ተመዝግቧል። አሰልጣኙ ዳኛው የሚባል የዳባት ሰው ነው። ዳኛው ጥሩ ነጂ ነው፤ ማስተማር ላይ ግን የሚያውቀው አንድ ዘዴ ብቻ ነው፣ መጮህ። ልምምዱ ሲጀመር «ዶክተር፣ እስቲ ፍሪሲዮኑን ይርገጡ» ብሎ በአንቱታ ይጀምራል። ማኪናዋ መንቀጥቀጥ ስትጀምር አንቱታው ይጠፋል። «ልቀቅ! አትልቀቅ! ምነው? ልቀቅ አልኩህ እኮ!» በዚህ ጊዜ የይበልጣል እግሮች የማን እንደሆኑ ለራሱም ይጠፋዋል። እቤት ግን ስለዚህ ሁሉ ምንም አልተናገረም። ልምምዱ እንዴት ነው ሲባል መልሱ «ሸጋ ነው» ነው።

አንድ ቅዳሜ ኤሌኒ ተረኛ ሆነች። ልጅቷን የሚይዝ ሰው አልነበረም። ይበልጣል ልምምዱን ለመተው አሰበ፤ ዳኛው ግን ስልክ ላይ «ፈተናው ደርሷል፣ ልጅቱን ይዘው ይምጡ» አለው። ማስተዋል «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈባት ነጭ ማኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እግሯ መሬት አይነካም።

«አባዬ፣ አንተ ትነዳለህ?» አለች፤ ዓይኗ አበራ።

«እነዳለሁ» አለ ይበልጣል። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ባይል ይሻለው ነበር።

ከአዘዞ እስከ ከተማው መግቢያ ሜዳው ላይ ደህና ነዳ። ማርሽ ሲቀይር በስፖኪዮው ማስተዋልን እያየ ትንሽ ኮራ። ከዚያ ዳኛው ከአራዳ ወደ ፒያሳ በሚወጣው ዳገት አስገባው። የገበያ ቀን ነው። በርበሬ የተሸከሙ ሴቶች፣ አህዮች፣ ጀሪካን፣ ባጃጅ፣ ሁሉም በዚያች መንገድ ነው። ዳገቱ መሐል ላይ ፊት ለፊት ያለው የጭነት ማኪና ቆመ፤ ይበልጣልም ቆመ። የጭነት ማኪናው ተነሣ። ይበልጣል አልተነሣም።

«ይነሡ እንጂ ዶክተር» አለ ዳኛው።

ሞተሩ ጠፋ። አስነሣው። አሁንም ጠፋ። በሦስተኛው ሞተሩ አልጠፋም፤ ማኪናዋ ግን ወደ ኋላ መውረድ ጀመረች። ከኋላ በርበሬ የተሸከመች ሴት ዘልላ ከመንገዱ ወጣች። ዳኛው የእጅ ፍሬኑን ጎትቶ ያዘና መጮህ ጀመረ። «ነዳጅ ስጥ! አትስጥ! ፍሪሲዮን! የቱ ነው ፍሪሲዮን? ዶክተር ነህ ደግሞ!» ባጃጆቹ ከኋላ ተደርድረው ክላክስ አደረጉ። አንዱ የባጃጅ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «አያ! ወደ ፊት ነው ወደ ኋላ የምትሄደው? ንገረንና እናሳልፍህ!» አለው። መንገዱ ዳር ያሉት ሳቁ። ከቡና ቤቱ በር ላይ ሰዎች ወጥተው አዩ። ሁለት ጎረምሶች መጥተው «እንግፋ?» አሉ፣ በቅንነት።

በመጨረሻ ዳኛው «ውረድ፣ እኔ ላውጣት» አለ። ከሾፌሩ በር ወርዶ፣ ማኪናዋን ዞሮ፣ በሌላኛው በር እስኪገባ ድረስ ያለው መንገድ ትንሽ ነው። ለይበልጣል ግን የሚያውቀው ሰው ሁሉ፣ ተማሪዎቹም ጭምር፣ በዚያ ዳገት ግራና ቀኝ ተሰልፈው ያዩት መሰለው። አንድም የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ይህም አላጽናናውም።

ዳኛው ዳገቱን አውጥቶ ጥላ ሥር አቆማትና ሻይ ለመጠጣት ሄደ። አባትና ልጅ ማኪና ውስጥ ቀሩ። ይበልጣል ዞሮ ሊያያት አልደፈረም።

«አባዬ፣ ሳቁብህ አይደል?» አለች ከኋላ።

«አዎ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«በርበሬ የያዘችው ሴትዮ አልሳቀችም» አለች ማስተዋል አሰብ አድርጋ። «እሷ ተሳደበች።»

የፊቱን ወንበር በእግሯ መታ መታ አደረገች።

«አሁን ምን ልታደርግ ነው?»

ይበልጣል መልሱን ያውቀዋል። ስህተት የመማር ደረጃ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ይለዋል።  ዛሬ ግን በገዛ አፉ ሊሰማው እንኳ አልፈለገም።

«ወደ ቤት መሄድ ነው የምፈልገው» አለ።

ማስተዋል ወደ ፊት ተጎትታ አንገቷን በሁለቱ ወንበሮች መሐል አስገባች። አባቷን ገና እንደ መጣ እንግዳ ሰው አየችው።

«እኔም እኮ እንደዚያ ነው ያልኩት። ወደ ቤት ልሂድ አልኳት መምህሯን። እምቢ አለች።»

«ከዚያስ?»

«ተቀመጥኩ። ሆዴን አመመኝ።»

«እኔንም ሆዴን አሞኛል» አለ ይበልጣል። እውነቱን ነበር። በዚያ ቀን ለልጁ የተናገረው ከሁሉ የበለጠ እውነት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ወዲያው ግን አበላሸው፦ «ለእማዬ አትንገሪያት፣ እሺ?»

«እሺ።»

«ለማንም።»

«እሺ አልኩህ እኮ።»

ማታ ኤሌኒ ልምምዱ እንዴት እንደ ነበር ስትጠይቅ ይበልጣል «ሸጋ ነው» አለ። ማስተዋል ወደ ሳህኗ አጎንብሳ ሽሮዋን ቀጠለች።

በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት ይበልጣል ግቢ ውስጥ የቆመችው ቪትዝ ውስጥ ብቻውን ገብቶ ተቀመጠ። ሞተሩን አላስነሣም። እግሮቹን ብቻ ሊያለማምድ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ። ማስተዋል በሌላው በር ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች። የፊት መስታወቱ ሥር ከማሠልጠኛው የተሰጠው ቀጭን መጽሐፍ ነበር፤ አንሥታ ገለጠችው።

«ሥዕሉ ላይ ዳገት አለ» አለች።

«አዎ፣ ስለሱ ነው።»

ይበልጣል ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ ማርሽ አስገባ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዘ፤ ከዚያ ጠፋው። ቀድሞ የሚለቀቀው ፍሬኑ ነው ወይስ ፍሪሲዮኑ? ትናንት ዳኛው ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው የጮኸበት። እግሮቹ ፔዳል ላይ፣ ዓይኑ ስፖኪዮ ላይ ነው።

«ከዚህ በኋላ ምን ይላል?» አለ። ለማስተማር ብሎ አይደለም። ጠፍቶት ነው።

ማስተዋል ጣቷን መስመሩ ላይ አደረገች። አባቷ ወደ ፊት ነው የሚያየው፤ ከንፈሩ አይታያትም።

«ከ... ዚያ... የእጅ... ፍሬውን... ቀስ... ብለው...»

ይበልጣል ምላሱን ነከሰ። በእርግጥ ነከሰ፤ አመመው።

«ፍሬውን?» አለች ማስተዋል ለራሷ። «የእጅ ፍሬ አለ እንዴ?» የአባቷን እጅ አየች፣ ማንሻውን አየች፣ እንደገና መጽሐፉ ላይ አጎነበሰች። «ፍሬኑን! የእጅ ፍሬኑን!» ከዚያ ሳቀች። የሳቋ ብዛት መጽሐፉን ከጭኗ ጣለው። «አባዬ፣ የእጅ ፍሬህን ልቀቅ! ሎሚ ነው ብርቱካን?»

ይበልጣልም ሳቀ። ልጁ በተሳሳተችው ነገር ሲስቅ የመጀመሪያው ነው፤ እሷ ቀድማ ስለ ሳቀች ግን አልተከፋችም። ከዚያ እንደ ዳኛው ድምፅዋን አወፍራ ታዘው ጀመር። «ልቀቅ! አትልቀቅ! ምነው?» ገጹን ደግማ አነበበች፤ እሱ ሲሳሳት ወደ ላይ ተመልሳ ያንኑ መስመር አነበበችለት። እሱ ደግሞ ብዙ ተሳሳተ። ይህኛውን ለማስመሰል መድከም አላስፈለገውም።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስትመጣ «ዛሬም እንንዳ?» ትላለች። የዳገቱ ገጽ አለቀና ስለ ዝናብ ወደሚለው ገባች፤ ዝናብ በሌለበት ግቢ ውስጥ የዝናብ መጥረጊያ አስነሡ። ስለ መብራት አነበበች። የመንገድ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ አንዱን ሲስት ወንበሩን ደበደበች። ትቆማለች፣ ትሳሳታለች፣ ተመልሳ ትጀምራለች። «አልችልም» የሚለው ቃል ቪትዟ ውስጥ አልገባም።

እዚህ ላይ ይበልጣል ዝም ቢል ኖሮ ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር። ግን ይበልጣል ነው። ፍሪሲዮን እየረገጠ በሐሳቡ የጥናት ርዕስ ማዘጋጀት ጀመረ፦ «የተማሪና የአስተማሪ ሚና መቀያየር የንባብ ፍርሃትን ለመቀነስ ያለው ፋይዳ»። ሐሙስ ደረሰ። ከአይከል አንዲት እናት ደውላ ልጇ ክፍል ውስጥ ማንበብ እንደሚፈራ ተናገረች፤ ድምፅዋ የተጨነቀ ነበር። ብርቱካን ከመስታወቱ ማዶ ወደ ይበልጣል አየች። ይበልጣል ቆም አለ።

«እኔም ልጅ አለችኝ» አለ በዚያ በወፍራሙ ድምፅ። «ሁለተኛ ክፍል ናት። አንድ ቀን 'በሬውን' የሚለውን 'በሩን' ብላ አነበበች፤ ክፍሉ ሳቀባት...»

ሁሉንም ተናገረ። እንዴት እንደ ፈራች፣ እንዴት ሽንት ቤት እንደምትደበቅ፣ አሁን እንዴት እንደምታነብ። ስለ ማኪናው ሲደርስ ግን ትንሽ አስተካከለው። «ማኪና መንዳት የማይችል ሰው ሆኜ ተጫወትኩላት» አለ። «እሷ አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ።» ብርቱካን ዓይኗን ጠረገች። ይበልጣል ወደ ቤቱ ሲሄድ የዕለቱ ፕሮግራም ከእስከ ዛሬው ሁሉ እንደሚበልጥ እርግጠኛ ነበር።

ዓርብ ማስተዋል ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን መሬት ጣለችው። ይበልጣል ሳሎን ተቀምጦ ነበር።

«ስለ እኔ ለምን ተናገርክ?»

«የት? ማን አለሽ...»

«የሁሉም እናት ሰምታለች! ሦስተኛ ክፍሎችም አወቁ። ሽንት ቤት እንደምደበቅ ሁሉ አወቁ!» ማልቀሱን እምቢ አለች። «እኔ ስለ ማኪናው ለማንም አልተናገርኩም። ለእማዬ እንኳ አልነገርኳትም! ደግሞ ተጫወትኩ አልክ። አልተጫወትክም። እውነትህን ነው የማትችለው!»

ኤሌኒ የሆስፒታል ጋውኗን በክንዷ እንደ ያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ስለ የቱ ማኪና?» አለች።

ማስተዋል ወደ አባቷ አየች። አሁንም ቃሏን ጠበቀች። ይበልጣል ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ አንድ የሚያድነው መስመር ፈልጎ አጣና የዳገቱን ነገር ለሚስቱ ራሱ ተናገረ። ኤሌኒ የባጃጁ ሾፌር ጋ ሲደርስ መሳቅ ጀምራ ነበር፤ የልጇን ፊት ስታይ ሳቋን ዋጠችው።

«እኔን በ‘ሸጋ ነው’ ስታታልለኝ ከረምክ፤ እሱ ይሁን» አለች። «እሷ ግን አምናህ ነበር።»

ይበልጣል ሊያስታርቅ ሞከረ። «ማስቱዬ፣ የተሰማሽን ስሜት በሚገባ እረዳለሁ፣ ስሜትሽም ተገቢ ነው...» ማስተዋል ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ መኝታ ቤት ገባች። በማግሥቱም ማኪናው ውስጥ አልገባችም። ያ ቀጭን መጽሐፍ መስታወቱ ሥር ፀሐይ ሲመታው ሰነበተ። ይበልጣል ብቻውን እየገባ ፔዳል ይረግጣል፤ ወንበሩ ባዶ ሲሆን የሚቀድመው ፍሬኑ ይሁን ፍሪሲዮኑ ተመልሶ ይጠፋበታል።

አንድ ቀን የጫማዋን ክር ሲያስርላት፣ አጎንብሶ እንዳለ «አጥፍቻለሁ» አለ። ሌላ አልጨመረም። ለእሱ ይህ ትልቅ ሥራ ነበር።

ማስተዋል የአባቷን አናት እያየች አሰበች።

«እንግዲያው የአንተንም ተናገር።»

«የት?»

«የእኔን የተናገርክበት።»

ሐሙስ ይበልጣል ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጠ።  ብርቱካን ስለ ልጆች አመጋገብ ልትጠይቀው ተዘጋጅታ ነበር።

«ከአመጋገቡ በፊት አንድ ነገር ልናገር» አለ። «ባለፈው ጊዜ መንዳት የማይችል ሆኜ ተጫወትኩ ብዬ ነበር። አልተጫወትኩም። አልችልም። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ከአራዳ የሚወጣው ዳገት ላይ ሞተር አጥፍቼ፣ ወደ ኋላ ወርጄ፣ በርበሬ የያዘች ሴት ልገጭ ነበር። ሰው ሲስቅብኝ ሆዴን አመመኝ፤ የፈለግሁት ወደ ቤት መሄድ ብቻ ነው። ስለ ልጄም ሳልጠይቃት ተናግሬያለሁ፤ ልክ አልነበርኩም።» ቆም አለ። ይህኛው ቆም ማለት የታሰበበት አልነበረም፤ ድምፁ ጠፍቶ ነው። ስለ «የእጅ ፍሬ» ግን አልተናገረም። እሱ የእሷ ነው።

ብርቱካን ምን እንደምትል ስላልገባት ስልኩን ከፈተች። የወጣት ድምፅ መጣ።

«ዶክተር! ያቺ ነጭ ለማጅ አንተ ነህ እንዴ? እኔ እኮ ከኋላህ ባጃጅ ይዤ ነበርኩ!»

ብርቱካን በቀጥታ ሥርጭት ላይ ሳቀች፤ ለማቆም ሞክራ አልቻለችም፤ ዘፈን አስገባች።

ከዚያ በኋላ ይበልጣል በእግሩ በፒያሳ ሲያልፍ የማያውቃቸው የባጃጅ ሾፌሮች «ዶክተር! ፍሪሲዮን!» ይሉታል። ክፍል ውስጥ ስለ በራስ መተማመን ሲያስተምር ከኋላ ወንበር ላይ ያለ ተማሪ በጉሮሮው የሞተር ድምፅ ሲያወጣ ሰምቷል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ምንም ባይሉትም ሰላምታቸው ላይ ፈገግታ ጨመሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጆሮው ድረስ ይቀላ ነበር፤ ኋላ እጁን አንሥቶ ሰላም ማለት ለመደ። የሚገርመው፣ በሬዲዮው የሚደውሉት ወላጆች ብዙ ሆኑ፤ አነጋገራቸውም የፍርድ ቤት ምስክርነት መምሰሉ ቀረ።

ያንን በተናገረበት ሐሙስ ቤት ሲገባ ማስተዋል ሶፋው ላይ የእናቷን ስልክ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ፕሮግራሙን ሰምታለች።

«ሁሉንም አልተናገርክም» አለች።

«ምን ቀረ?»

«በርበሬዋ ሴትዮ ያለችህን።»

«እሱ በሬዲዮ አይባልም።»

ማስተዋል ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ተነሥታ ጫማዋን አደረገች። «ና፣ ስለ አደባባይ አላነበብንም» አለች።

ፈተናው የዋለው ረቡዕ ነው። ዳገቱ ላይ ፈታኙ አጠገቡ ተቀምጦ «ቁም» አለው፤ ቆመ። «ተነሣ» አለው። ይበልጣል በሆዱ የልጁን ድምፅ እየሰማ፣ ቃል በቃል በእሷ ፍጥነት፣ እየተንተባተበ፣ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ቀስ ብሎ ለቀቀ። ማኪናዋ ወጣች። ራሱም አላመነም። ሳያምን፣ በኋላ ማርሽ ገብቶ ወደሚቆምበት ቦታ ደረሰና፣ አሁንም ስለ ዳገቱ እየተደሰተ፣ በሁለት እንጨቶች መሐል መግባት ሲገባው አንዱን እንጨት ጣለው። ፈታኙ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። ወደቀ።

ከዚያ በቀጥታ ልጁን ሊቀበል ትምህርት ቤት ሄደ። ማስተዋል ከበሩ እየሮጠች መጣች።

«አለፍክ?»

«ዳገቱን አለፍኩ። ወደ ኋላ ስቆም እንጨት ጣልኩ። እንደገና ልፈተን ነው።»

«ሳቁ?»

«ዳኛው ሳቀ።»

«ሆድህን?»

«ትንሽ» አለ ይበልጣል። እጇን ያዘና መንገድ ጀመሩ።

«እኔም ዛሬ አነበብኩ» አለች ማስተዋል። «ክፍል ውስጥ።»

«መምህሯ አስነሣችሽ?»

«አይ፣ እኔ እጄን አወጣሁ። ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ። ያ በሩን ያረሰው ልጅ ሳቀ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቀጠልኩ፤ ገና አላለቀም ነበር።»

ይበልጣል መንገዱ መሐል ቆመ። የተማረው ሁሉ አፉ ላይ ተሰለፈ፤ ስለ ጥረት፣ ስለ ጽናት፣ ስለ ስህተት፣ ሙሉ የሐሙስ ፕሮግራም። ከኋላ የመጣ ሰው ገጨት አድርጎት አለፈ።

«ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?» አለ።

«ስለ አንድ ሆዳም ጅብ።» ማስተዋል እጁን ጎትታ መራመድ ጀመረች። ጅቡ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሰርቆ በልቶ ነበር፤ ከበሮው ከቆዳ የተሠራ ስለሆነ ሥጋ መስሎት ነው። አሁን በተራመደ ቁጥር ሆዱ ድም ድም ይላል፤ ካህናቱም ድምፁን እየተከተሉ ናቸው። ታሪኩ ረጅም ነበር፤ ማስተዋልም አንድም ነገር ልትዘልል አልፈለገችም። የካህናቱን ስም፣ የጅቡን ሚስት ንግግር፣ ሁሉንም እየደጋገመች ተናገረች። ይበልጣል ባጃጅ ሊያቆም እጁን አንሥቶ ነበር፤ አወረደው። ፒያሳ እስኪደርሱ ድረስ በእግራቸው ሄዱ።

«ከዚያስ?» አለ፤ «ሲደርሱበት ምን አላቸው?»